ብረቱን ልተወው ወይስ ሕመሙን ልቻለው?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ብረት ማንሳት ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ዓመት ሰውነቴ ጥሩ ሲመጣልኝ ጊዜ ሞራሌ ተነሳስቶ በሳምንት ከሦስት ቀን ወደ ስድስት ቀን አሳደግኩት። ቤንች ላይ ተጋድሜ 90 ኪሎ እስከ መግፋት ደርሻለሁ። አሁን ግን ሁለቱም ክርኖቼ ከውስጥ በኩል ይጠዘጥዙኛል። ተንጠልጥዬ ራሴን ወደ ላይ ስስብ (ፑል አፕ) እና ባይሰፕስ ስሠራ ይብስብኛል። ቤንች ስገፋ ደግሞ ቀኝ ትከሻዬን ከፊት በኩል ይወጋኛል። ጠዋት የሻይ ብርጭቆ ሳነሳ ሁሉ ክርኔን ያመኛል። ጂም ከመግባቴ በፊት አንድ የሕመም ማስታገሻ፣ ዲክሎፌናክ፣ እውጣለሁ፤ እሱን ከዋጥኩ ምንም አይሰማኝም። እናቴ ብርድ ነው፣ ወጌሻ ይየው ትላለች። አሠልጣኜ ቻለው ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ለመገጣጠሚያ የሚሆን መርፌ አለ ብሎኛል። በ27 ዓመቴ መገጣጠሚያዬ አለቀ ማለት ነው? ብረቱን ልተወው ወይስ ሕመሙን ልቻለው?»

ክርኑ የከዳው፣ ከአዳማ

ወንድሜ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረችው የሻይ ብርጭቆዋ ናት። 90 ኪሎ የሚገፋ ጎረምሳ ብርጭቆ አነሳሁ ብሎ ፊቱን ሲያኮሳትር ታየኝ። አትቀየመኝ፣ ትንሽ ሳቅኩ። የሳቅኩት እኔም እዚያው ስለነበርኩ ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውልህ፦ ብረቱን አትተወው፣ ሕመሙንም አትቻለው። ረጅሙ መልስ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል። ብርጭቆዋን በሁለት እጅህ ያዛት።

መገጣጠሚያህ አላለቀም። እንደ አጻጻፍህ ከሆነ ያመመህ አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ሳይሆን ጅማቱ ይመስለኛል፤ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያስረው ገመድ ማለቴ ነው። ሥጋ ቤት ገብተህ ቁርጥ ስታዝ ቢላዋው አልቆርጥ የሚለውን፣ ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጨውን ነገር አይተህ የለ? እሱ ነው። ቀዩ ሥጋ ደም የጠገበ ነው። ነጩ ጋ ግን ደም እንደ ነገሩ ነው የሚደርሰው። ለዚህ ነው ጡንቻ በሳምንታት ሲጠነክር ጅማት ወራት የሚፈጅበት። ባለፈው ዓመት ጥሩ የመጣልህ ጡንቻህ ነው። ጅማትህ ገና መንገድ ላይ ነው።

አሁን አንድ ነገር እንቁጠር። ክርንህን ከውስጥ በኩል ስትዳስሰው ጎላ ያለ አጥንት ታገኛለህ። ጣትህን ጨብጠህ የእጅ አንጓህን ወደ ውስጥ የሚያጥፉልህ አብዛኞቹ ጡንቻዎች ሄደው የሚታሰሩት እዚያች አጥንት ላይ ነው። ስለዚህ እጅህ ብረት በጨበጠ ቁጥር ያቺ ቦታ ሥራ ላይ ናት። የጀርባ ቀን ፑል አፕ አለ። የክንድ ቀን ባይሰፕስ አለ። የእግር ቀን ብረቱን ከመሬት የምታነሳበት ዴድሊፍት አለ። የትከሻ ቀን ደምቤል ጨብጠህ ነው የምታነሳው። አንተ ፕሮግራሜን ከፋፍያለሁ፣ ዛሬ ጀርባ ነገ ክንድ ብለህ ታስባለህ። ክርንህ ግን ይሄን ክፍፍል አያውቀውም፤ ለሱ ስድስቱም ቀን የክርን ቀን ነው። የሳምንት ፕሮግራምህን ወረቀት ላይ ጻፈውና ጥብቅ አድርገህ የምትጨብጥባቸውን ሁሉ አክብብባቸው። ወረቀቱ ምን እንደሚመስል እገምታለሁ።

ፈረንጆቹ ይህን ሕመም የጎልፍ ተጫዋች ክርን ይሉታል። ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ስሠራ እኔ ጋ የመጡት ግን ብረት አንሺዎች፣ ግንበኞችና ልብስ የሚያጥቡ እናቶች ናቸው። ጎልፍ የሚጫወት አንድም ሰው አልገጠመኝም።

የራሴንም ልንገርህ። እኛ ስንጀምር ጂም ብሎ ነገር ሰፈራችን አልነበረም። የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን፣ መሀሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ሰክተን ነበር የምናነሳው። ሁለት ዓመት ያህል ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ። ብርድ ነው ተባለ፣ ታሸሁ፣ ምንም የለም። አንድ ቀን ከሽንኩርት ቸርቻሪዋ ሚዛን ለምነን ሁለቱን ጫፍ ለየብቻ ብንመዝናቸው አንዱ ከሌላው በሁለት ኪሎ ተኩል ይበልጣል። ከባዱ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ነበር፣ ምክንያቱም መያዣው ላይ ቀይ ቀለም የነካው ጎን በቀኝ ይሁን ብለን ተስማምተን ነበር። ሽንኩርት ሻጯ እስከ ዛሬ ስታየኝ ትስቃለች።

ይሄን የማወራህ ሕመም ሲመጣ «ምን ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም መድኃኒት ስለሚቀድም ነው። ያንተን ደብዳቤው ራሱ ነግሮኛል፤ ከሦስት ቀን ወደ ስድስት ቀን።

ወደ ዲክሎፌናኩ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው። «እሱን ከዋጥኩ ምንም አይሰማኝም» ብለሃል። ችግሩ እኮ እሱ ነው። ሕመሙ የዛሬው ሥራ በዝቷል ብሎ የሚነግርህ ብቸኛ ሰው ነበር፤ አፉን ዘጋኸው። ነገ ጠዋት ብርጭቆዋ ላይ ጠብቆ ይነግርሃል። ሌላም አለ። ዲክሎፌናክ በየቀኑ ሲወሰድ ጨጓራ ያቆስላል፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ውሃ ያጠረው ሰው ላይ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል። አንተ በአዳማ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል እያላብክ፣ ምናልባትም በፆም ቀን በባዶ ሆድህ ነው የምትውጠው። ለጂም ብለህ የምትውጠውን ከዛሬ ጀምሮ አቁም። ሰገራህ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ከሆነ ወይም ሆድህን የሚያቃጥልህ ከሆነ ሌላውን ነገር ሁሉ ትተህ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂድ።

ፋርማሲ ካነሳን አይቀር፣ በቅርብ ወራት ሲፕሮ ወስደሃል? ታይፎይድ ነው፣ ሆድ ቁርጠት ነው እየተባለ እንደ ከረሜላ የሚታደለው ሲፕሮፍሎክሳሲን ማለቴ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ ላይ ከሁሉ የጠነከረውን ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ ያዘዘው ጅማት ስለሚያስቆጣና አንዳንዴም ስለሚበጥስ ነው። ጉዳቱ መድኃኒቱ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ከዴክሳና ከመሳሰሉት የስቴሮይድ መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ደግሞ ይብሳል። ሐኪም አይቶ ካዘዘልህ በራስህ እጅ አታቋርጠው፤ ግን ብረት እንደምታነሳ ንገረው። ሌላ አማራጭ ሊኖረው ይችላል። ከሌለውም እሱን እየወሰድክ ከባድ ብረት አትንካ። ብዙ ብረት አንሺ ይሄን አያውቅም፤ ለጓደኞችህም ንገራቸው።

ጓደኛህ ያለህ መርፌ ምን እንደሆነ አልጻፍክም። ከሁለት አንዱ ይመስለኛል። ኮርቲዞን ከሆነ ለጥቂት ሳምንት ተአምር ይሠራል። ከዚያ ይመለሳል። የክርን ጅማት ላይ በተደረጉ ጥናቶች መርፌውን የተወጉት ሰዎች ከዓመት በኋላ ካልተወጉት የባሰ ሆነው ተገኝተዋል። ለጡንቻ የሚወጋው ስቴሮይድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ነው። ጡንቻህን በአጭር ጊዜ ያሳብጠዋል፣ ኪሎ ትጨምራለህ፣ ጅማትህ ግን የድሮው ጅማት ነው። የሲኖትራክ ሞተር ባጃጅ ላይ እንደ መግጠም ቁጠረው። ከሱ ጋር አብረው የሚዋጡት፣ የሴት ሆርሞን እንዳይጨምር የሚባሉት ኪኒኖች ደግሞ ራሳቸው መገጣጠሚያ ያሳምማሉ፤ ለጡት ካንሰር የሚወስዷቸው ሴቶች በጣም የሚያማርሩት በዚሁ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅም የለም። አይሆንም በለው።

እናትህን ግን አታሳፍራቸው። ብርድ ጅማት አያቆስልም፤ ሙቀት ግን ያፍታታል፣ ስለዚህ ግማሽ ልክ ናቸው። እቤት ቁጭ ብለው በሞቀ ቅቤ ክንድህን እሽት እሽት ቢያደርጉህ አይጎዳህም፤ ደስም ይላቸዋል። ወጌሻው ግን ያመመህን ቦታ በአውራ ጣቱ ልደፍጥጠው ወይም እጅህን ስቤ ላንቋቋው ካለህ አመስግነህ ተነስ። የወለቀ የለህም፣ የሚመለስም የለም።

አሠልጣኝህ «ቻለው» የሚለው ከክፋት አይደለም። እኛም ተብለን ነው ያደግነው። ብቻ ስልኩ ላይ የሰውነት ገንቢው የሮኒ ኮልማን ቪዲዮ እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ። ሮኒ እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 የሰውነት ግንባታ ትልቁን ውድድር፣ ሚስተር ኦሎምፒያን፣ ስምንት ጊዜ ያሸነፈ ጉድ ነው። ከዚያ ወዲህ ወገቡንና ዳሌውን ስንት ጊዜ ተቀደደ፤ ዛሬ ያለ ምርኩዝ መራመድ ያቅተዋል። ከሱ በፊት ስድስት ጊዜ ያሸነፈው እንግሊዛዊው ዶሪያን ዬትስ እ.ኤ.አ. በ1997 ውድድሩ ሊደርስ ሲል የትራይሰፕስ ጅማቱ ተበጠሰ። እንደዚያው ሆኖ ገብቶ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ ተመልሶ አልወጣም። እነዚህ ሰዎች በዚህ የሚኖሩ፣ ሽልማት የሚጠብቃቸው ነበሩ። አንተን ነገ ጠዋት የሚጠብቅህ ሥራ ነው።

እሺ፣ ምን ላድርግ ትለኛለህ። «ሙሉ በሙሉ አርፈህ ተኛ» እንዳልልህ የሚያደርገኝ አንድ ታሪክ አለ። ሃካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም የራሱ የተረከዝ ጅማት አሞት ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩለት ቢጠይቅ አለቃው እምቢ አለው ይባላል። እሱም ተናዶ፣ እንግዲያው ጅማቴ ይበጠስና ወዳችሁ ሳይሆን በግድ ትሠሩኛላችሁ ብሎ ባመመው እግር በየቀኑ ያሠራው ጀመር። ጅማቱ አልተበጠሰም። ዳነ። እ.ኤ.አ. በ1998 ያንኑ ነገር በ15 ሰዎች ላይ ሞክሮ አሳተመው፦ ተረከዝን ከፍ አድርጎ ቀስ እያሉ ማውረድ፣ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ በቀን ሁለቴ፣ ለ12 ሳምንት። ከዚያ ወዲህ የጅማት ሕክምና መንገዱን ቀየረ። ጅማት የሚድነው ሥራ ሲሰጠው ነው፤ ግን የሚችለው ሥራ።

ላንተ ክርን እንዲህ እናድርገው። ለሁለት ሳምንት ፑል አፑንና በቀጥታ ባር የምትሠራውን ባይሰፕስ ተወው። ባይሰፕስ ካልሠራሁ እሞታለሁ ካልክ ደምቤሉን እንደ መዶሻ ይዘህ ሥራ፤ አውራ ጣትህ ወደ ላይ ይሁን። ጀርባ ስትሠራ አንጓህ ላይ የሚታሰረውን ጨርቅ ተጠቀም፤ እንደዚያ ጣትህ ብዙ አይጨምቅም። በየቀኑ ማታ ደግሞ ወንበር ላይ ተቀመጥና ክንድህን ጭንህ ላይ አስተኛው፣ መዳፍህ ወደ ላይ፣ እጅህ ከጉልበትህ አለፍ ብሎ። ደምቤል ያዝ። ከሌለህ የሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተህ ጀምር፤ ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። አንጓህን ቀጥ አድርገህ ሳታንቀሳቅስ 45 ሰከንድ ቆይ። ሁለት ደቂቃ እረፍ። አራት አምስት ጊዜ ድገመው። መጨረሻ ላይ ክንድህ መዛል አለበት፣ ሕመሙ ግን ከአሥር ከሦስት አይለፍ። ሲቀልህ ክብደቱን ጨምር። ብዙ ሰው እዚያው ቁጭ ባለበት ቀለል ይለዋል፤ ወዲያው ካልቀለለህም አትደንግጥ።

ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ያንኑ አቀማመጥ ይዘህ አንጓህን ማንቀሳቀስ ጀምር። ሦስት ሰከንድ ወደ ላይ፣ ሦስት አራት ሰከንድ ወደ ታች። 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለልክ። ሳምንት ሳምንት ክብደቱን ከፍ፣ ቁጥሩን ዝቅ እያደረግክ ወደ ስምንት አውርደው። ቀስ ማለቱ ነው መድኃኒቱ፤ አፍጥነህ ከሠራኸው ልፋት ብቻ ነው። ይሄን 12 ሳምንት ቀጥልበት። አዎ፣ ሦስት ወር። ያስጠላል፣ አውቃለሁ። በስድስተኛው ሳምንት «ዳንኩ» ብለህ ፑል አፑ ላይ እንዳትንጠለጠል። እኔ ጋ ተመልሰው ከሚመጡት ብዙዎቹ በስድስተኛው ሳምንት የዳኑት ናቸው።

ጂምህንም ወደ አራት ቀን መልሰው።

ትከሻህን በተመለከተ እስቲ ቤንች ስትሠራ ጓደኛህ ከእግርህ በኩል ሆኖ ቪዲዮ ያንሳህ። ክርኖችህ እንደ መስቀል ግራና ቀኝ ተዘርግተው ከሆነ ምክንያቱን አገኘነው። ወደ ጎንህ ሰብሰብ አድርጋቸው። ጀርባህ ላይ ያሉትን ሁለት ሰፋፊ የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላ አቀራርበህ አግዳሚው ላይ ጫናቸው። ለጊዜው ደረትህ ላይ የታጠፈ ወፍራም ፎጣ አድርግና ባሩ ፎጣውን ሲነካ መልሰህ ግፋ፤ የሚወጋህ ባሩ በጣም ሲወርድ ይሆናል። 90 ኪሎውን እርሳው፣ 60 ላይ ሥራ። በገፋህ ቁጥር ያንኑ ያህል ወደ ራስህ ሳብ። ዲፕስን (በሁለት ዘንጎች መሀል በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣትን)፣ ባሩን ከአንገት ጀርባ አውርዶ መግፋትን፣ ባሩን ቁም ብሎ እስከ አገጭ መሳብን ለጥቂት ወር ተዋቸው። አንዳንዶቹን ለዘላለም ብትተዋቸውም አልከፋም፤ ከአንገት ጀርባ ተገፍቶ የበለጠ ያማረ ትከሻ አላየሁም። ሕመሙ ከፊት ሳይሆን ከላይ፣ ከአንገት ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ከትከሻ ጋር በሚገናኝባት ጫፍ ላይ ከሆነ ግን ራጅ ተነሳ፤ ብረት አንሺዎች ላይ ያቺ ጫፍ የምትበላበት ጊዜ አለ።

ራስህን እንዲህ ለካው። ብርጭቆዋን አትጣላት። በየቀኑ ጠዋት ሻይህን ስታነሳ ለሕመሙ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ስጠው፤ ስልክህ ላይ ጻፈው። ከትናንቱ ካልጨመረ የትናንቱ ሥራ ልክ ነበር። ከጨመረ በዝቷል፤ ዛሬ ቀንስ።

ቶሎ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱህን ነገሮችም ልንገርህ። የቀለበት ጣትህንና ትንሿን ጣትህን የሚደነዝዝህ ወይም የሚነዝርህ ከሆነ ነገሩ ነርቭ ጋ ደርሷል። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰምተህ ጡንቻህ እንደ ኳስ ከተሰበሰበና ቆዳህ ከጠቆረ ጅማት ተበጥሷል፤ በቀናት ውስጥ መታየት አለበት፣ እያደር መስፋቱ ይከብዳል። አንድ መገጣጠሚያ ቀልቶ፣ ግሎ፣ አብጦ ትኩሳት ከጨመረበት ያኑ ቀን ሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን። ጠዋት ጠዋት ጣቶችህ ተሳስረው ለመፍታታት ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀባቸው ይሄ የብረት ጉዳይ አይደለም። እኛ አገር ደግሞ መገጣጠሚያ ያመመውን ሁሉ ሪህ ይዞህ ነው ይሉታል። እውነተኛው ሪህ አብዛኛውን ጊዜ ድንገት ሌሊት መጥቶ የእግር አውራ ጣት የሚያሳብጠው ነው። ያንተ አይመስልም፤ ቢሆንም ጡንቻ ላሳድግ ብለህ ቁርጥና ቢራ የምታበዛ ከሆነ ሪህ የሚያመጣውን ዩሪክ አሲድህን ብትለካ አይከፋም። ሲንቋቋ ግን ሕመም ከሌለው ይንቋቋ፣ ተወው።

ለመገጣጠሚያ ተብሎ የሚሸጠውን ግሉኮሳሚን ልግዛ ወይ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ሁሉም ይጠይቀኛል። አሜሪካ ውስጥ ከ1,500 በላይ የጉልበት ሕመምተኞች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ በጥቅሉ ከባዶ ኪኒን የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ያውም እነሱ ያመማቸው ልም አጥንታቸውን ነው፤ ያንተ ጅማት ነው። በገንዘቡ እንቁላል ግዛበት። ፆም ላይ ከሆንክ ሽሮውንና ምስሩን አብዛ። ማታ ደግሞ ተኛ፤ ስልክ ይዘህ እስከ ስምንት ሰዓት አትቆይ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ረስቼ። ሥራህን አልጻፍክልኝም። አዳማ ስትል የመጣልኝ ባጃጅ ነው። እሱ ከሆነ ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጠህ ማርሽ በአንጓህ እያዞርክ ነው የምትውለው ማለት ነው። ያኔ ያ ወረቀት ላይ የምታከብበው ሌላ ብዙ አለ፤ የ12 ሳምንቱንም ፕሮግራም ትንሽ አስተካክልልሃለሁ። ጻፍልኝ፤ የጠዋቶቹንም ቁጥሮች አብረህ ላክልኝ።